ለማሽን ጥልፍ የትኛው መርፌ? የዓይነቶቹ ንጽጽር

የጥልፍ መርፌ የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው የጃፓኑ ኦርጋን ይሻል እንደሆነ ወይም የጀርመኖቹ ሽሜትዝና ግሮዝ-ቤከርት ይበልጡ እንደሆነ ነው። ሦስቱም የታወቁ ስለሆኑ ይህ ጥያቄ መጨረሻ ላይ ቢመጣ እመርጣለሁ፤ መርፌው ከማሽኑ፣ ከክሩና ከጨርቁ ጋር መስማማቱ መቅደም አለበት።

ማሽኑን በተመለከተ ብዙ ምርጫ የለም። አብዛኞቹ የቤት ማሽኖች 130/705 ኤች የሚባለውን፣ ማሽኑ ውስጥ የሚገባው ራሱ በአንድ ጎን ጠፍጣፋ የሆነውን መርፌ ሲቀበሉ፣ እንደ ታጂማ ያሉት ባለብዙ መርፌ የፋብሪካ ማሽኖች በአብዛኛው ራሱ ድቡልቡል የሆነውን ዲቢ-ኬ5 ይጠቀማሉ። ድቡልቡሉ በማንኛውም አቅጣጫ ስለሚገባ፣ በመርፌው ቁመት የወረደው ረጅሙ ቦይ ወደ ፊት መዞሩን በዓይን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ዲቢ-1 የሚባለውን የተራ ስፌት መርፌ በዲቢ-ኬ5 ምትክ መግዛት ግን ስሕተት ነው፤ የጥልፍ ክር ጨርቁ ላይ ከመቀመጡ በፊት በመርፌው ቀዳዳ ደጋግሞ ስለሚመላለስ፣ የዲቢ-1 ጠባብ ቀዳዳ እየላጠ ይበጥሰዋል።

ውፍረቱን የሚወስነው ክሩ ነው። በፓኬቱ ላይ 75/11 ተብሎ ሲጻፍ መርፌው 0.75 ሚሊሜትር ውፍረት አለው ማለት ሲሆን፣ ለተለመደው ቁጥር 40 ክር የሚስማማው ይኸው ነው። ቀጭኑ ቁጥር 60 ክር ከ65/9 ጋር ይሄዳል፤ የአማርኛ ፊደል ቅጥሎች ጥቃቅን ስለሆኑ፣ በደረት ኪስ ላይ ስም የሚጠልፍ ሰው ይህን መርፌ ባያጣ መልካም ነው።

ከሁሉም በላይ ማሰብ የሚጠይቀው የጫፉ ቅርጽ ነው። ሹሉ ጫፍ የጨርቁን ክር ራሱን በስቶ ያልፋል፤ ስለዚህ በጂንስ፣ በካኪና በኮፍያ ላይ የጥልፉን ጠርዝ ቀጥ አድርጎ ያወጣል። ክብ ጫፍ ያለው ግን ክሮቹን ገለል እያደረገ በመካከላቸው ስለሚያልፍ ለቲሸርትና ለሹራብ የተመረጠ ነው፤ ሹሉ በእነዚህ ላይ ቢሠራ የተቆረጠው ክር ብዙ ጊዜ ልብሱ ከታጠበ በኋላ ቀዳዳ ሆኖ ይታያል። ድሩና ማጉ ሳሳ ብሎ በእጅ ለተሸመነ የሀገር ልብስስ? ፈትሉ ለስላሳ በመሆኑ እኔ በጥቂቱ ብቻ ክብ የሆነውን፣ ኤስኢኤስ የሚባለውን ጫፍ እመርጣለሁ። የጥልፉ ጠርዝ ከሹሉ ትንሽ ሊወላገድ ይችላል፤ ይህን ከሥር የሚደረገው ማጠንከሪያ ጨርቅ በአብዛኛው ያስተካክለዋል፣ የተበጠሰን ማግ ግን የሚመልሰው የለም።

የወርቅማ ክር ጉዳይ ለብቻው ነው። በላዩ የተጠመጠመው ቀጭን ቅጠል በሰበቃ ስለሚላጥ፣ ቀዳዳው ረዘም ያለ 80/12 ወይም 90/14 መርፌ ያስፈልገዋል፤ የማሽኑ ፍጥነትም መቀነስ አለበት። በስስ ጨርቅ ላይ 90/14 የሚተወው ቀዳዳ ስለሚታይ ግን በ80/12 መጀመር ይሻላል።

በመጨረሻ፣ በቲታኒየም የተለበጠው ወርቅማ መርፌ ከተራው በዋጋ ይበልጣል፤ ጫፉም ቶሎ አይደነዝዝም። ቀኑን ሙሉ ማሽን ለሚያሠራ ሱቅ ተጨማሪው ወጪ ተገቢ ነው፤ አልፎ አልፎ በቤቱ ለሚጠልፍ ሰው ግን ተራውን ገዝቶ ከ8 ሰዓት ያህል ሥራ በኋላ፣ ወይም ክሩ መሰንጠር ሲጀምርና መርፌው ጨርቁን ሲወጋ ድምፁ ሲጎላ ወዲያው መቀየር ይበቃዋል።