ጥርሱ ይነቀል ወይስ ሥሩ ይታከም?

ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ የጥርስ ሕመም የያዘው ሰው "ንቀሉልኝና ልገላገል" ቢል አይፈረድበትም። እኔም ብያለሁ። የመጀመሪያው ሐኪም አፌን አየት አድርጎ፣ ራጅ እንኳ ሳያዝ ማደንዘዣ ሊወጋኝ ተነሣ። ሁለተኛዋ ግን ራጁን ስክሪን ላይ አውጥታ ከሥሩ ጫፍ ያለውን ጠቆር ያለ ጥላ በእስክሪብቶዋ አሳየችኝ። "ጥርሱ ይተርፋል፤ ምርጫው ግን ያንተ ነው" አለችኝ።

መንቀል ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀጠሮ ያልቃል፤ ለጊዜውም ይረክሳል። ጣጣው በኋላ ነው። ክፍተቱ ካልተተካ አጠገቡ ያሉት ጥርሶች ወደዚያ ሊያዘነብሉ፣ ትይዩውም ሊረዝም ይችላል፤ አጥንቱም እየሳሳ ይሄዳል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ላስተክል ካሉማ ቁጠባው እዚያው ያልቃል።

የሥር ሕክምና ትዕግሥት ይጠይቃል። መንጋጋ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ በሥሮቹ ውስጥ ነርቭና የደም ሥር የሚያልፍባቸው 3 ወይም 4 ቀጫጭን ቦዮች አሉት፤ እያንዳንዱ ፋይል በሚባል፣ መርፌ በሚመስል ቀጭን መሞረጃ ይጠረጋል፣ በመድኃኒት ይታጠባል፣ ከዚያ ይደፈናል። በላዩ ላይ ደግሞ እንዳይሰበር ብዙውን ጊዜ ክራውን፣ ማለትም እንደ ቆብ የሚሸፍነው ሰው ሠራሽ ልባስ፣ ይለብሳል። ያሠቃያል ሲባል የሰማሁትን ያህል አላገኘሁትም፤ ያደከመኝ አፍ ከፍቶ መቆየቱ ነው። (እንዲያውም መሃል ላይ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኛል።)

እስከ ሥሩ የተሰነጠቀ ወይም ክራውን የሚይዝበት አካል ያልቀረው ጥርስ ግን ይነቀል፤ አልሟገትለትም። ከዚያ ውጭ፣ ራጁን አሳይቶ ለምን እንደሚነቅል የማያስረዳኝ ሐኪም ካጋጠመኝ ከወንበሩ እነሣለሁ።