የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ለምትፈልጉ፣ በተለይ ደብረ ብርሃንና አካባቢው ላላችሁ

ሰላም ወገኖች። ይህን ነገር ልጻፍ ልጻፍ ስል ወር አለፈኝ። ዛሬ ግን ቡናዬን አፍልቼ ተቀምጫለሁ፣ ሳልጨርስ አልነሳም። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ወንድሜ መስማት የተሳነው ነው። አራት ዓመቱ ላይ ማጅራት ገትር ይዞት፣ ነፍሱ ስትተርፍ ጆሮው ቀረ። ያኔ መንዝ ነበርን። ሰፈሩ ያወጣለትን ስም አልጽፈውም፣ ታውቁታላችሁ፤ ብዙ ሰው ዛሬም ስድብ መሆኑን ሳያስብ ይጠራበታል። ደብረ ብርሃን ከመጣን በኋላ ልዩ ፍላጎት ክፍል ገብቶ የምልክት ቋንቋ ተማረ፣ እስከ ስምንተኛ ደረሰ። ከዚያ እንጨት ሥራ ላይ እጁን ፈታ። የጎረቤቱን በርና አልጋ ሲጠጋግን ነው ያደገው ማለት ይቻላል።

ባለፈው ዓመት አንድ ድርጅት፣ ስሙ ይቆየን፣ የእንጨት ባለሙያ እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ። ማስረጃውን ይዘን ሄድን፤ እኔም እንደ ሁልጊዜው አብሬው ገባሁ። የተቀበለን ሰውዬ ወረቀቱን አገላበጠ፣ ወንድሜን ከላይ እስከ ታች አየው፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ጥሩ ነው፣ ስልክ ተዉልንና ደውለን እንጠራዋለን» አለ። ደውለን! እንደማይሰማ ከነገርኩት ገና ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ስንወጣ ወንድሜ «ምን አለ?» አለኝ። «ይደውሉልሃል» አልኩት። አየኝ። አየሁት። እዚያው አስፋልት ዳር ሳቅ ይዞን ቆምን፤ ሳቁ ግን ቤት እስክንደርስ አልቆየልንም።

እና ኅዳር ላይ ሥልጠና አለ ሲሉኝ ብዙም ልቤ አልተነሳም፣ እውነቱን ልናገር። ዓለም አቀፉ የአካል ጉዳተኞች ቀን በፈረንጆቹ ዲሴምበር 3፣ በእኛ ኅዳር 24 አካባቢ ይውላል። እኔ እስካሁን ያየሁት ቲሸርት ይታደላል፣ ባነር ይያዛል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ውኃና ብስኩት ተይዞ ወደ ቤት ይገባል። በነጋታው ቲሸርቱ አለ፣ ሥራው የለም። ይኼኛው ግን አምስት ቀን ሥልጠና፣ በስድስተኛው ቀን ደግሞ ቀጣሪና ሥራ ፈላጊ ፊት ለፊት የሚገናኙበት ነው አሉ። ይሁን ብለን ሄድን። ቲቸርን ያገኘናት እዚያ ነው።

ስሜን እንዳትጽፊ ብላኛለች፣ ቃሌን እጠብቃለሁ። ሁሉም ሰው ቲቸር ነው የሚላት፣ እኔም እንደዚያው ልበል። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ናት፣ ሥልጠናም ትሰጣለች።

የመጀመሪያው ቀን ሲጀመር ነው የተበላሸው። የተያዘው አዳራሽ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለ፣ ራምፕ የለ። በዊልቸር የመጣ ልጅ ደረጃው ሥር ቀረ። የአካል ጉዳተኞች ሥልጠና እኮ ነው! ሁለት ጎረምሶች ለደግ ብለው ዊልቸሩን ግራና ቀኝ ያዙት፣ «እናንሳህ» አሉት። ልጁ ቀና ብሎ «ጆንያ ነኝ እንዴ?» አለ። ሁሉም ዝም። የሕንጻ አዋጁ፣ 624/2001 ማለቴ ነው፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንጻ ለአካል ጉዳተኛ ይመች ካለ ስንት ዓመቱ! ግን አዘጋጆቹን እዚህ ላይ ላመስግናቸው። ሰበብ አልደረደሩም። ወንበሩ ሁሉ ወረደና ሥልጠናው ግቢ ውስጥ ሆነ።

ግቢ ውስጥ። ኅዳር። ደብረ ብርሃን። የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ 2,800 ሜትር ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፣ በዚያ ወቅት ጠዋት ሣሩ ነጭ ለብሶ ነው የሚገኘው። ከሸዋ ሮቢት የመጣ አንድ ልጅ በስስ ሸሚዝ ነበር፣ ጋቢ አጋርተነው ነው የተረፈው። ሁላችንም እጃችንን ቀብረን ተቀመጥን። ቲቸር ግን እጇን መደበቅ አትችልም። እጇ አፏ ነው። ጓንት ብታደርግ የጣቶቿ ቅርጽ አይለይም። አሠልጣኙ ትንፋሽ ሲወስድ ሁለቱንም እጆቿን ብብቷ ሥር ትከታለች፣ እሱ አፉን ሲከፍት ታወጣለች። ጣቶቿ በርበሬ መስለው ነበር። እኔ ንግግሩን ትቼ እነሱን ነው ሳይ የነበረው።

በሙያው ወግ እንዲህ ረዘም ላለ ስብሰባ ሁለት አስተርጓሚ ይያዝና በየ20 እና 30 ደቂቃው ይፈራረቃሉ። እጅ ብቻ ሳይሆን ጭንቅላትም ይዝላል። እሷ ብቻዋን ነበረች። ለአዘጋጆቹ በሻይ ሰዓት ነግሬያቸዋለሁ፣ ስለዚህ ሐሜት አይደለም።

ስለ ሥልጠናው ሁሉንም አልተርክም። ሲቪ አጻጻፍ ነበር፣ ቃለ መጠይቅ ልምምድ ነበር። ማየት የተሳናት አንዲት ልጅ በስልኳ ስትሠራ ስልኩ በሚገርም ፍጥነት ያነብላታል፤ አጠገቧ የተቀመጠ እንግዳ «ስልክሽ ተበላሸ መሰለኝ» አላት። እሷ በዚያ ፍጥነት ነው የምትሰማው። ኮምፒውተር ላይም ኤንቪዲኤ የሚባል ጽሑፍ የሚያነብ ፕሮግራም አለ፣ በነጻ ነው። ይህን የማያውቅ ስንት መሥሪያ ቤት አለ መሰላችሁ፣ ዐይን ለሌለው ሰው ውድ ዕቃ መግዛት አለብን እያለ የሚፈራ።

አንዱን ግን ሳልናገር አላልፍም። አዋጅ ቁጥር 568/2000። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣ ነው። ሰባት ስምንት ሰው «በ2000? እስከዛሬ የት ነበር?» አለ፣ እኔም አንዷ ነኝ። በአጭሩ፦ አካል ጉዳተኛው ለሥራው የሚጠየቀውን ካሟላና ውጤቱ ከሌላው ተወዳዳሪ ጋር እኩል ወይም ቅርብ ከሆነ ቅድሚያ ለእሱ ነው። አሠሪው የሥራ ቦታውን ማመቻቸት አለበት፣ እንደ ሁኔታው ረዳትም ይመድባል። በጉዳቴ ምክንያት ተገለልኩ ብሎ ለክሱ መነሻ ካቀረበ ደግሞ፣ አላገለልኩም ብሎ ማስረዳቱ በአሠሪው ላይ ይወድቃል። ቲቸር ይህንን ስትተረጉም የማታውቀው ቃል ሲመጣ በጣቷ ፊደል ትጽፈው ነበር። የጣት ፊደላችን የራሳችን ነው፣ በግዕዙ ሀ ግዕዝ ሁ ካዕብ ነው የሚሄደው፤ እጁ የ«በ»ን ቅርጽ ይዞ እንቅስቃሴው ሲለወጥ ቡ፣ ቢ፣ ባ እያለ ይወርዳል። ወንድሜ ሲሠራው ሃያ ዓመት አይቻለሁ። ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው። እናፍራ እንግዲህ።

አሁን ወደ ስድስተኛው ቀን።

አንድ ጠና ያሉ የፈርኒቸር ቤት ባለቤት መጡ። ወንድሜ ፊት ቆሙና እኔን «ይኼ ልጅ ምን ይችላል?» ብለው ጠየቁኝ። አፌን ልከፍት ስል ቲቸር በእጇ አስቆመችኝ። «እሱን ይጠይቁት አባቴ፣ እሱን እያዩ» አለቻቸው። ግራ ተጋቡ። ከዚያ ዞረው ጠየቁት። የወንድሜ እጆች መሄድ ጀመሩ። ድምፁ የእሷ ነው፣ የምትለው ግን «እኔ» ነው፤ «እሱ እንዲህ ይላል» አትልም። «እኔ በር እሠራለሁ። ቁም ሣጥን እሠራለሁ። ማሽን ላይ ግን ብዙ አልሠራሁም፣ ብታሳዩኝ እለምዳለሁ።» ያቺን የመጨረሻዋን እኔ ብሆን አልናገራትም ነበር። ከዚያ አገጩን ወደ እኔ ወረወረ። «እህቴ ሁልጊዜ ስለ እኔ ትናገራለች። ደግ ናት። ግን ትጨምራለች።»

ሰው ሳቀ። ባለቤቱም ሳቁ። እኔ ፊቴ ጋለ። የእናቴ ልጅ፣ አንድ ቤት ያደግነው፣ እንዲህ ያለ ተረበኛ መሆኑን አላውቅም ነበር። እኛ ቤት ከእሱ ጋር የምንነጋገረው በራሳችን የእጅ ጥቅሻ ነው፤ ብላ፣ ና፣ ተኛ፣ አባባ መጣ። በዚያ ቀልድ አይቀለድም።

ሰውዬው «ሰኞ ይምጣ» አሉ። ሰኞ የሄደው ከቲቸር ጋር ነው፤ እኔን «አንቺ አትምጪ» አለችኝ፣ ቅር አለኝ፣ ትክክል ነበረች።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለዚህ ነው። ሥልጠና የሰጠ ሁሉ ሰርተፍኬት አድሎ ይሄዳል። እሷ ግን የሥልጠናው ክፍያ ካለቀ በኋላ ሦስት ግማሽ ቀን ወርክሾፑ ድረስ ሄደች። ያሠለጠነችው ደግሞ ወንድሜን አይደለም፣ ሌሎቹን ሠራተኞች ነው። ሃያ ምልክት መረጠች፤ አጥፋው፣ ቁም፣ ተጠንቀቅ፣ ሚስማር፣ ኮላ፣ ሜትር፣ ምሳ። ብርጭቆ ወረቀት ላይ ሲደርሱ አንዱ ወጣት በራሱ ጊዜ እንደሚጠጣ ሰው እጁን አፉ ላይ ደገነ፣ ከዚያ እንደሚጽፍ ሆነ፤ ብርጭቆ፣ ወረቀት! ወንድሜ ሆዱን ይዞ ሳቀ ብለውኛል። ምልክቱ እንጨት ማሻሸት ነው። እዚያ ወርክሾፕ ግን እስከ ዛሬ የሚጠቀሙት በልጁ ነው፣ እየጠጡ ይጽፋሉ።

ሲጠሩትስ? ከኋላ መጥቶ ድንገት ትከሻውን መምታት የለም፣ በተለይ ማሽን ላይ ከሆነ። በፊቱ በኩል መጥተህ እጅህን ታውለበልባለህ። ራቅ ካልክ መብራቱን ብልጭ ታደርጋለህ። የአደጋው ደወል ላይ አምፖል እንዲገጠም ጠየቀች። ባለቤቱ «ስንት ያስወጣኛል?» አሉ። አንድ አምፖልና ጥቂት ሜትር ሽቦ ነው ያስወጣቸው። እሳቸው ራሳቸው ሲያወሩት ያፍራሉ።

የሙከራ ጊዜው እንደ ማንም ሠራተኛ 60 የሥራ ቀን ነበር፣ አልተጨመረበትም፣ አልተቀነሰለትም። መሐል ላይ አንድ ቀን የሰርኩላሩ፣ የክብ መጋዙ ማሽን ማለቴ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ እጁን እንዳሳረፈ ድንገት ማሽኑን አጠፋው። ሌሎቹ ተቆጡ። እሱ ወደ ሥር እየጠቆመ አስቸገራቸው። ሲፈቱት የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚይዘው ኩሽኔታ አልቋል። እነሱ በጩኸቱ ውስጥ አልለዩትም፣ እሱ በመዳፉ ነው ያወቀው። በየቀኑ እንዲህ ያደርጋል ብዬ አልጨምርም፣ ትምህርት አግኝቻለሁ። ሁለት ቀን አርፍዷል፣ አንድ የመሳቢያ ልክም አበላሽቶ ተቆጥተውታል። እንደ ሰው ተቆጡት፣ ደስ ያለኝ እሱ ነው።

አሁን ጥቆማዬ። ደብረ ብርሃን ያላችሁ ባለ ወርክሾፖች፣ ሆቴሎች፣ ፋብሪካዎች፣ መስማት የተሳነው ሰው ለመቅጠር አስባችሁ «እንዴት እንግባባለን?» ብላችሁ የተዋችሁ፣ ይህችን ሴት ለግማሽ ቀን ጥሯት። ስብሰባ ወይም ሥልጠና የምታዘጋጁም እንዲሁ፤ ቀኑን ሙሉ ከሆነ ግን ሁለተኛ አስተርጓሚ ያዙ፣ አብራት የምትሠራ ሰው ራሷ ታመጣለች። ቀድማችሁ ጽሑፉን ስጧት፣ ስትቆም ብርሃን ፊቷ ላይ ይሁን እንጂ ከጀርባዋ መስኮት አይሁን። ለእሷ «እንዲህ በዪው» አትበሉ፣ ለሰውዬው ንገሩት። ጫጫም ደብረ ሲናም ትሄዳለች፣ ትራንስፖርቷን ከቻላችሁ።

እና ክፈሏት። ይህን በጉልህ ብጽፈው ደስ ይለኛል። ሰው ጤና ጣቢያ፣ ሠርግ፣ ቀበሌ፣ ፍርድ ቤት ይጠራትና «ለጽድቅሽ ነው» ይላታል። ጽድቅ የቤት ኪራይ አይከፍልም። ዋጋዋ የሚያስደነግጥ አይደለም፣ ከእሷው ጋር ተነጋገሩ።

ስልኳን እዚህ አልለጥፍም። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቃዷን ጠይቄ እሰጣችኋለሁ። ድርጅት ከሆናችሁ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነና ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አብራችሁ ጻፉ፣ እንዳንመላለስ።

አንድ ነገር ረሳሁ። ወንድሜ በመጀመሪያ ደመወዙ ለእማዬ ነጠላ ገዛ፣ ለቲቸር ደግሞ የሱፍ ጓንት። እኔ «አንተ፣ እሷ ጓንት አድርጋ እንዴት ትሠራለች?» ብዬ ተቆጣሁት። ዝም ብሎ አየኝና ከኪሱ አወጣው። ጣቶቹን በሙሉ በመቀስ ቆርጦ፣ ጠርዙን በክር ከምክሞታል። ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ ሳገኛት አድርጋው ነበር።