የጣና ዳር የቅዳሜ ንባብ፦ ፍቅሩን ብናወጣው ታሪኩ ጸንቶ ይቆማል?

ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ባለ አንድ የሻይ ቤት ግቢ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ወጣቶች አስማትና እንግዳ ፍጡራን በሚገኙባቸው ምናባዊ ልብ ወለዶች ላይ ይከራከራሉ። ይህ የቅዳሜ ንባብ መጽሐፍ ማዋስንና ውይይት መምራትን ያጣመረ አገልግሎት ነው። ተመዝጋቢው የመጽሐፉን ሙሉ ዋጋ መያዣ ያስይዛል፤ ገጽ ሳይቀደድ ሲመልስ ገንዘቡን ይወስዳል። 400 ገጽ ያህል ያለው መጽሐፍ በየሳምንቱ 100 ገጽ እየተነበበ በ4 ቅዳሜ ያልቃል። ውይይቱ ከቀኑ 9 እስከ 11 ሰዓት ነው። በአንድ ክብ ከ12 ሰው በላይ አይቀመጥም፣ ደግ አደረጉ፤ ቁጥሩ ሲበዛ ዝምተኞቹ ጭራሽ አፋቸውን አይከፍቱም።

በዚህ ዕድሜ ፍቅር ያለበት ታሪክ ሲነሳ ክርክሩ ቶሎ «ማን ማንን ያግባ» ወደሚል ድምፅ አሰጣጥ ይወርዳል። እዚህ ከዚያ የሚያድነው አንድ ደንብ ነው፦ ገጽ ሳይጠቅሱ መናገር አይቻልም። አወያይዋ እያንዳንዱን የፍቅር ትዕይንት በሦስት ጥያቄ ታስመረምራለች፤ ሁለቱ ምን ይፈልጋሉ? ምን አገዳቸው? ማን ምን ከፈለ? ቀጥሎ ከባዱ ይመጣል፤ ፍቅሩን ከታሪኩ ብናወጣው ጡዘቱ (ግጭቱ የሚከርርበት ጫፍ) ይቆማል ወይስ ይፈርሳል? ምንም ሳይነካው ከቆመ ፍቅሩ ጌጥ ብቻ ነበር ማለት ነው።

ክርክሩ በጣም የሚሞቀው አስማቱና ፍቅሩ ሲጋጩ ነው። ሰው በፈወሰች ቁጥር አንድ ትዝታ የምታጣ ፈዋሽ አለች እንበል። መጀመሪያ ላይ እናቷን ፈውሳ ያደገችበትን ቤት ረሳች። በመጨረሻ ግን ፍቅረኛዋን ከሞት አፋፍ መልሳ ምንም አልረሳችም፤ ምክንያቱ «ፍቅራቸው ስለበረታ» ነው። ግማሾቹ ይህን አጥብቀው ይደግፋሉ፣ ፍቅር ደንብ ካልሻረ ታሪኩ ምኑን ምናባዊ ሆነ ይላሉ። ሌሎቹ ተታለልን ባይ ናቸው፦ እናቷንስ አትወድም ነበር? አወያይዋ ፍርድ ሳትሰጥ ንግሩን፣ ኋላ የሚመጣውን አስቀድሞ የሚጠቁመውን ፍንጭ፣ ፈልጉ ትላለች። ደንቡ ሊላላ እንደሚችል የሚጠቁም ነገር በመጽሐፉ የመጀመሪያ ሲሶ ከተዘራ ደራሲው አስቦበታል። በመጨረሻዎቹ 30 ገጾች ብቻ ብቅ ካለ ግን ሴራው ሲጠብበት ያመለጠበት ቀዳዳ ነው፤ ከዚያ በኋላ አንባቢ ለየትኛውም አደጋ አይሰጋም፣ ልብ ሰቀላውም ይሞታል።

አንዲት ልጅ በሁለት ወንዶች መካከል የምትዋልልበትን ታሪክ የሚፈትሹበት መንገድም አጥጋቢ ነው። አንዱን ብትመርጥ መንግሥቱ ምን ይሆናል፣ ሌላውንስ ብትመርጥ? በሁለቱም በኩል ያው ጦርነት የሚመጣ ከሆነ ምርጫው ገጽ መሙያ ነው። ከጠላትነት ወደ ፍቅር የሚሄደው ታሪክ የሚወድቀው ደግሞ ባለመመጣጠን ነው፤ ጭካኔው ሙሉ ምዕራፍ ይይዝና ጸጸቱ በአንድ አንቀጽ ይገባደዳል። 400 ዓመት የኖረ ፍጡር የ17 ዓመት ልጅ ሲያፈቅር፣ አወያይዋ የኃይል ልዩነቱን ሳታድበሰብስ ታነሳዋለች። ወላጆች ይህን ቢያውቁ ጥሩ ነው።

ከሚዋሱት መጻሕፍት መካከል «ጦቢያ» መኖሩ የሚያስመሰግን ነው። በ1900 ዓ.ም. ሮም ታትሟል፤ ደራሲው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የተወለዱት ከባሕር ዳር በጀልባ በሚደረስበት ዘጌ ነው። ጦቢያ ወንድ መስላ መንገድ የምትወጣበት ታሪክ «ብናወጣው ይቆማል?» የሚለውን ፈተና ያልፋል፣ መደበቋን ከታሪኩ ብናወጣው ንጉሡ እሷን የሚያፈቅርበት መንገድ ሁሉ ይበላሻልና። ቋንቋው ለጀማሪ ስለሚከብድ በሌሎቹ ፍጥነት አይሞከርም፤ በሳምንት 20 ገጽ፣ ድምፅ እያሰሙ።

ለሚጽፉ ልጆች የመቼት (የታሪኩ ጊዜና ቦታ) ልምምድም አለ። ፍቅረኛሞች ከባሕር ዳር ጎርጎራ በአንድ ሌሊት በደንገል ታንኳ ይሻገራሉ ብሎ የጻፈ ካርታ ይሰጠዋል። ሐይቁ ከደቡብ ሰሜን 84 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ቢቀዘፍ እንኳ አንድ ሌሊት አይበቃም፣ ደንገሉም ውሃ እየጠጣ ይከብዳል። ስለዚህ ወይ መንገዱ ያጥራል ወይ ሌሊቱ ሁለት ይሆናል፤ በሁለተኛው ሌሊት ደግሞ የሚጣሉበት ጊዜ ይገኛል።

ጉድለቱም ቀላል አይደለም። የተከታታይ መጻሕፍት ሁለተኛ ቅጽ አንድ ቅጂ ብቻ ሆኖ 12 ሰው ይጠብቀዋል፤ ያጣው በስልክ ፒዲኤፍ ያነብና የገጹ ቁጥር አይገጥምም። ምዕራፍና አንቀጽ ቢጠቀስ ይቀል ነበር። አመሻሽ ላይ የሐይቁ ነፋስ ድምፅ ስለሚያጠፋ ከዛፉ ሥር፣ ለአወያይዋ ቅርብ ያለው ወንበር ይሻላል። ክረምት ላይ ጠባብ ክፍል ውስጥ ስለሚገቡ ለመስማትም ለመቀመጥም አይመችም። ትልቁ ስሕተት ግን ከአራቱ ቅዳሜዎች በየትኛውም አዲስ ሰው መቀበላቸው ነው፤ በሦስተኛው የገባ ሰው ንግሩን አላነበበምና ስለ ጡዘቱ የሚናገረው ግምት ብቻ ይሆናል። መመዝገብ የፈለገ አዲስ ዙር ጠብቆ፣ የመጀመሪያዎቹን 100 ገጾች በእርሳስ ምልክት እያደረገ አንብቦ ይሂድ።