ጎንደር ላይ ምን ይጠጣ፦ ድራፍት ወይስ ጠላ?

ዳሸን እዚሁ ጎንደር ይጠመቃል። ድራፍቱን ለመጠጣት ፒያሳ አካባቢ ሰው የሚበዛበትን ቤት ምረጡ፤ በርሜሉ ቶሎ ያልቃል። ጭር ያለ ቤት የቀዳልኝ ጃምቦ አንዴ ኮምጥጦ አግኝቼዋለሁ። ቧንቧው አልታጠበም መሰለኝ።

ጠላው ሌላ ዓለም ነው። ከአስፋልቱ ገባ ስትሉ እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ ካያችሁ ደርሳችኋል። ጋኑ በወይራ ስለታጠነ ጭሱ ጠላው ውስጥ ይሸታል። ጌሾው መረር ይላል፤ ደስ የሚለውም እሱ ነው። እማማ መጀመሪያ ራሳቸው ቀመስ ያደርጉና ይሰጧችኋል። «ጋኑ መቼ ተከፈተ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከተከፈተ ቶሎ ይሆመጥጣል። ጉሹን ደግሞ ሆዳችሁ ካልለመደው ተዉት።

እኔ ለጣዕሙ ጠላ እላለሁ። ኳስ ካለ ግን ድራፍት ቤት ፈልጉኝ፤ እማማ ቤት ቴሌቪዥን የለም።