የሃይብሪድ ካምቢዮ ዘይት፦ መቀየር ወይስ መተው?

ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለስ፣ በአራቱም ጎማ የሚጎትት ሃይብሪድ (በቤንዚንም በኤሌክትሪክ ሞተርም የሚሄድ) መኪና የካምቢዮ ዘይቱ በየጊዜው ይቀየር ወይስ «ዕድሜ ልኩን ያገለግላል» ተብሎ ይተው?

መተው ወጪ ይቀንሳል፤ ለሜዳ መንገድ ያስኬድ ይሆናል። ለደሴና ኮምቦልቻ ዳገት ግን መቀየርን አጥብቄ እመርጣለሁ። በቶዮታ ራቭ 4 ሃይብሪድ ዘይቱ ጥርሶቹን ከማለስለስ አልፎ የኤሌክትሪክ ሞተሮቹን ያቀዘቅዛል። ሞተሮቹ ሽቅብ ሲወጡ ይገፋሉ፤ ቁልቁል ሲወርዱም ባትሪ እየሞሉ መኪናውን ይይዛሉ። እረፍት የላቸውም! በ80,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ቢቀየር ገንዘቡ አይቆጭም።

የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው ካምቢዮ እንዳይረሳ፦ ከፊት የሚመጣ ዘንግ የለውም፤ የራሱ ሞተርና የራሱ ዘይት አለው። ለሁለቱም በመመሪያው የታዘዘውን ዓይነት ብቻ ግዙ። መካኒኩም አስቀድሞ የመሙያውን ቡሎን ይፍታ፤ ማፍሰሻው ቀድሞ ተከፍቶ መሙያው እንቢ ካለ መኪናው ያለ ዘይት ይቀራል።