ፔዳል ግዛ ሳይለኝ ችግሩን ላገኘው ኤሌክትሪሺያን

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ፎርዊል ያላችሁ ግን ብታነቡት አይከፋም።

መኪናዬ የሚያመው ሲፈልገው ብቻ ነበር። አስፋልት ላይ ሰላም ነው። ኮረኮንች ሲገባ፣ በተለይ ዳገት ላይ፣ ድንገት ነዳጅ አልቀበልም ይላል። ፔዳሉን እስከ ወለሉ ብረግጠው ሞተሩ ከሚኒሞ (ፔዳል ሳይረገጥ ከሚዞርበት) ትንሽ ከፍ ብሎ ያጉረመርማል እንጂ ጉልበት የለውም። ቼክ ኢንጂን ይበራል። አጥፍቼ ሳስነሳው ምንም እንዳልተፈጠረ ይሄዳል። ጋራዥ ስወስደው ደግሞ እንግዳ ፊት እንደተቀመጠ ልጅ ጭጭ!

አንዱ ጋራዥ የነዳጅ ፊልትሮ ቀየረ፣ ኢንጀክተር አጠበ። ሌላው ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የስህተት ኮድ አነበበና ፔዳሉን ከነሴንሰሩ በአዲስ ቀየረው። ለትንሽ ጊዜ ደህና የሆነ መሰለ። ከዚያ ያው በሽታ ተመለሰ።

በመጨረሻ አንድ ወዳጄ ወደዚህ ልጅ ላከኝ። ልጅ ያልኩት በዕድሜው ነው፤ በሥራው የበሰለ ነው። ኮድ ማንበቢያ ማሽኑን ከመሰካቱ በፊት ጥያቄ አወረደብኝ። ሲሞቅ ነው ወይስ ገና ሲነሳ? መንገዱ ሲያንገጫግጭ ነው? መኪናው ውስጥ ውሃ ገብቶ ያውቃል? የእግር ምንጣፉ ፔዳሉን እንዳይዘው ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ ነው ኮዱን ያነበበው፦ ፒ2138። ወዲያው አላጠፋውም። ስህተቱ ሲመዘገብ መኪናው በምን ፍጥነት ይሄድ እንደነበር፣ ሞተሩ ምን ያህል እንደሞቀ አብሮ የተቀመጠውን መረጃ ወረቀት ላይ ገለበጠ።

ነገሩን ሲያስረዳኝ እንዲህ ነው። የዚህ ዓይነት መኪና ፔዳሉን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኝ ገመድ የለውም። ፔዳሉ ላይ ሁለት ሴንሰሮች አሉ። ምን ያህል እንደረገጥን ሁለቱም በቮልት ለኮምፒውተሩ ይናገራሉ። በእኔ መኪና የአንደኛው ቮልት ሁልጊዜ የሌላው እጥፍ ያህል ነው። ኮምፒውተሩ ሁለቱን ያስተያያል። ካልተስማሙ የትኛውን እንደሚያምን ስለማያውቅ፣ መኪናው ሳይታሰብ እንዳይፈተለክ ጉልበቱን ይይዛል። ፒ2138 የሚለው ይህንኑ አለመስማማት ነው።

«ጋሼ፣ ኮዱ ተጣልተዋል ነው የሚለው። ማን እንዳጠፋ አይናገርም» አለኝ። ፔዳሉም፣ ሽቦውም፣ ሶኬቱም፣ ራሱ ኮምፒውተሩም ተጠርጣሪ ነው። ከእሱ በፊት ይህን ያሰበ አልነበረም፤ ኮዱ ፔዳል ስላለ ፔዳል ተገዛ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቆሜ ነው ያየሁት። ማሽኑ ላይ የሚታየው ቁጥር ስለሚዘገይ ቅጽበታዊ መቋረጥን ሊያሳልፍ ይችላል ብሎ ኦሲሎስኮፕ፣ የቮልቱን ለውጥ በመስመር ስሎ የሚያሳይ መሣሪያ፣ አመጣ። ሽቦውን ልጦ ወይም ወግቶ አልነካም፤ የተወጋ ሽቦ ውሎ አድሮ እርጥበት ያስገባል አለ። በቀጭን መርፌ ከሶኬቱ ጀርባ ገባ፣ ያውም በኮምፒውተሩ በኩል። ቁልፉን ከፍቶ፣ ሞተሩን ሳያስነሳ፣ ፔዳሉን በእጁ ቀስ አድርጎ ከላይ እስከ ታች ገፋው። ሁለቱ መስመሮች ያለ አንዳች ስብራት ወጡ። ፔዳሉ ንጹሕ ነው። የሽቦውን ጥቅል ከኮምፒውተሩ ጀምሮ እየነቀነቀ ወረደ። ምንም የለም። ፔዳሉ ላይ ያለው ሶኬት ጋ ሲደርስ በጣቱ ገፋ አደረገው። አንደኛው መስመር ቁልቁል ወድቆ ተመለሰ። ደገመው፤ ደግሞ ወደቀ። እኔ ጮህኩ መሰለኝ። እሱ ግን ፈገግ እንኳ አላለም።

ሶኬቱን ነቅሎ ልኩ የሆነ ወንዴ ፒን በየሴቴዎቹ እየሰካ ሞከረ። ሌሎቹ ያዝ ያደርጉታል። አንደኛዋ ላልታ ኖሮ ፒኑ በራሱ ክብደት ሾልኮ ወደቀ። የሽቦው ጥቅልም በጣም ተወጥሮ ታስሮ ስለነበር መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ሶኬቱን ይጎትተዋል። ያቺን የላላች ሴቴ ብቻ ቀየረ፣ ለሽቦው ትንሽ ላላ ያለ ቦታ ሰጠው፣ እንዳይነቃነቅ አሰረው። «ጨርሻለሁ» አላለም። ኮዱን አጥፍቶ፣ ላፕቶፑን እንደሰካ፣ አብረን ኮረኮንች ወጣን። ዳገቱን ራሱ መረጠ። መኪናው ጉልበቱን ሳይጥል ወጣው።

አሁን ሰላም ነው። ወንድሜ፣ እጅህን ይባርከው!

እንከኑን ልደብቅ አልችልም፦ ስልክ ቶሎ አያነሳም፣ ወረፋውም ያሰለቻል። ቸኩሎ የሚሠራ ሰው ከፈለጋችሁ እሱ አይሆናችሁም። ሞተር አያወርድም፣ ቦዲ አይነካም፣ ሥራው ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ ባትሪ አትንቀሉ፣ ኮዱንም አታስጠፉ። ችግሩ መቼና የት እንደሚነሳ ግን አስታውሳችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።