ሳሪስ ላሉት መካኒክ ምስጋና፣ መኪናው ለሚጨስበት ሰው ጥቆማ

መኪናዬ በፈረንጅ የ2003 ኮሮላ ናት። ክረምቱ ከወጣ ጀምሮ የትራፊክ መብራት በያዘኝ ቁጥር ከኮፈኑ ጠርዝ ቀጭን ጭስ ይነሳል፣ የተቃጠለ ዘይት ሽታም ውስጥ ይገባል። እየነዳሁ ምንም የለም። ሰንበት ብሎ ደግሞ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ተጨመረ። ልጅ ከኋላ አስቀምጦ ለሚነዳ ሰው እንቅልፍ የሚነሳው ይሄኛው ነው፤ ሽቦ ቢሆንስ?

ስሙን የማልጠራው አንድ ጋራዥ የዘይት መለኪያውን መዘዘ፣ ዘይት መጉደሉን አየና ‹‹ፋሻ ጨርሷል፣ ሞተር ይወርዳል›› አለኝ፤ ዘይት ወደ ሲሊንደሩ እንዳይገባ የሚይዙት የፒስተን ቀለበቶች አልቀዋል፣ ሞተሩ ወርዶ ይፈታ ማለቱ ነው። ይህ የሞተር ዓይነት ዘይት በመብላት ስለሚታማ ግምቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ግን ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ምን እንደሚወጣ ጎንበስ ብሎ ያየ የለም። አንድ ኤሌክትሪሺያን ደግሞ ዳሽቦርዱን አውርዶ ሽቦ በሽቦ ሊፈትሽ ቀጠሮ ያዘልኝ። (ሴት ብቻዋን ጋራዥ ስትገባ ዋጋው እንዴት እንደሚዘል የምታውቁ ታውቁታላችሁ።)

ሳሪስ ወዳሉት መካኒክ የላከኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት ጥያቄ ጀመሩ። ‹‹ልጄ፣ ጠዋት ስታስነሺው ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ? ከፊት ነው ከኋላ? ዳገት ላይ ይብሳል? ፍሪሲዮን ላይ እግርሽን ታሳርፊያለሽ?›› እየጠየቁም የእጃቸውን ጀርባ ወደ አራቱም ቸርኬ አስጠግተው ሙቀቱን አነጻጸሩ። ፍሬን ይዞ የቀረ ጎማ ካለ ከሌሎቹ ለይቶ ይግላል፤ የሚሸተውም የፍሬን ሸራው ነው። አልነበረም።

ከዚያ ሞተሩን አስነስተው ከኋላ ቆሙና ረዳታቸው ቤንዚን እንዲሰጥ አደረጉ። እኔንም አጠገባቸው ጠርተው አስረዱኝ። ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ነው። ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቷል ወይም አየር አንሷል። ነጭ ሆኖ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ካልጠፋ፣ ሽታውም ጣፈጥ ካለ፣ የራዲያተር ውሃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ነው። በአዲስ አበባ ብርድ ጠዋት ጠዋት የሚታየው ነጭ እንፋሎት ግን ጤና ነው። ከእኔ መኪና ይህ ነው የሚባል ነገር አልወጣም። ሆኖም በዓይን ብቻ አልተውትም፤ ካንዴላዎቹን (እሳት የሚረጩትን) አውጥተው ኮምፕረሽን፣ ማለትም እያንዳንዱ ሲሊንደር አየር አምቆ የሚይዝበትን ግፊት፣ ለኩ። አራቱም ሲሊንደር ተቀራራቢ ነበር። ‹‹ይሄ ሞተር አይወርድም›› አሉ፣ በቃ።

ታዲያ ዘይቱ የት ሄደ? በባትሪ መብራት ከሞተሩ ጀርባ፣ ከላይ ሲያዩት በማይታየው በኩል አሳዩኝ። የታፔት ከቨሩ (የሞተሩ የላይ ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ዘይት እንዳይወጣ የሚያሽገው ጎማ፣ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ዘይቱ እያዣ የጭስ ማውጫው ከሞተሩ በሚነሳበት ብረት ላይ ይንጠባጠባል። ያ ብረት ከ300 ዲግሪ በላይ ስለሚግል ጠብታዋ ወዲያው ትጨሳለች። ስነዳ ነፋሱ ጭሱን በመኪናው ሥር ይዞት ይሄዳል። ስቆም ግን ወደ ላይ ይነሳና ከፊት መስታወቱ ግርጌ ባለው የአየር ማስገቢያ ሽታው ውስጥ ይገባል። መብራት ላይ ብቻ የሚያስቸግረኝ ለዚህ ኖሯል።

የፕላስቲኩ ሽታስ? ክሪክ ሰጥተው፣ መደገፊያ አስገብተው ከሥር ገቡና ከማርሚታው ቱቦ ላይ የተጋገረ ጥቁር ነገር በካቻቢቴ ፋቅ ፋቅ አድርገው አወጡ። ፌስታል! ከመንገድ ተነስቶ የጋለ ብረት ላይ ተለጥፎ የቀረ። የፌስታል ፕላስቲክ 130 ዲግሪ አካባቢ ከደረሰ ይቀልጣል፤ ማርሚታው በሞቀ ቁጥር እንደገና እየተቃጠለ ይሸታል። እኔ ለዚህ ዳሽቦርድ ላስፈታ ነበር።

ከሁሉ በላይ ላመሰግናቸው የምፈልገው ግን በቀጣዩ ሥራቸው ነው። ጓርኒሲዮን ቀይሮ ገንዘብ መቀበል ቀላል ነበር። እሳቸው ለምን እንዳፈሰሰ ፈለጉ። ሞተሩ ውስጥ የሚጠራቀመውን ትንፋሽ ወደ አየር መግቢያው የምትመልስ ፒሲቪ የምትባል ትንሽ ቫልቭ አለች። ነቅለው ጆሮዬ አጠገብ ነቀነቋት፤ ደህና ብትሆን ቀጭ ቀጭ ትል ነበር፣ በዘይት ቆሻሻ ታፍና ዝም ብላለች። እሷ ከተደፈነች ግፊቱ መውጫ ያጣና ዘይቱን በጓርኒሲዮኑ በኩል ይገፋዋል። አዲስ ጓርኒሲዮን ቢገባም ውሎ አድሮ ያው ነው።

አሮጌዎቹን ናሙና አስይዘው የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ላኩኝ፣ ዕቃውን ራሴ መርጬ ገዛሁ። ከዚህ በፊት የሠራው ሰው ዙሪያውን ሲሊኮን ለድፎበት ስለነበር ፍቀው ለማጽዳት ብዙ ደከሙ። እሳቸው ሲሊኮን የነኩት ሁለቱ ብረቶች በሚጋጠሙበት ማዕዘን ላይ ብቻ ነው። ከዚያ የፈሰሰውን ዘይት አጥበው፣ መኪናዋን ነድተው አሙቀው፣ አቁመው እንደገና በመብራት አዩ። የድሮው ዘይት ተቃጥሎ እስኪያልቅ ትንሽ ሊሸት እንደሚችል ነግረውኝ ነበር፤ ሸተተ፣ ጠፋ። የእጅ ዋጋና ዕቃው ተደምሮ ለሞተር ማውረድ የተጠየቅኩትን ሲሶ እንኳ አልሞላም።

አንድ ምክራቸውን ላካፍል። እየነዳችሁ ጭስ ካያችሁ ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ፣ ሰው አውርዱ፣ ከመኪናው ራቁ። እሳት ከጠረጠራችሁ ኮፈኑን ቧ አድርጋችሁ አትክፈቱ፤ አየር ሲያገኝ ይንቦገቦጋል።

ስልካቸውን ሳላስፈቅድ እዚህ መለጠፍ ስላልፈለግኩ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። እሑድ አይሠሩም። ሞተሩን ቀዝቅዞም ሞቆም ማየት ስለሚፈልጉ ከተቻለ መኪናውን አሳድሩላቸው። ደግሞ ‹‹ንጹህ ሆኖ ይታይልኝ›› ብላችሁ ሞተር አሳጥባችሁ እንዳትወስዱ፣ ይቆጣሉ፤ ዘይቱ የወረደበትን ፈለግ ነው የሚፈልጉት።